አንድን ልብ ወለድ በየትኛው የሂስ መንገድ እንመርምር? የደራሲው ሕይወት፣ ዘመኑ፣ ጽሑፉ፣ አንባቢውና አንድምታው ሲነጻጸሩ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲመርጡ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ በፊት የንድፈ ሐሳቡ ስም ይጠራል። «በእንስታዊ ሂስ ነው የምሠራው»፣ «እኔ መዋቅራዊነትን መርጫለሁ» ይባላል፤ በየትኛው መጽሐፍ ላይ፣ ምን ጥያቄ ይዘህ ሲባል ግን መልሱ ይዘገያል። በጋዜጣ ለሚጽፍ ሐያሲም ሆነ ለንባብ ክበብ አባል ችግሩ ያው ነው። የሂስ መንገዶች በተለያየ ዘመን ለተለያየ ጥያቄ የተቀየሱ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው መምረጥ የሚቻለው እያንዳንዱ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ሲታወቅ ነው።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ሁለት የታወቁ ልብ ወለዶችን መፈተኛ አድርጌአለሁ። አንዱ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ሌላው በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። የመጀመሪያውን ያላነበበ ሰው አስቀድሞ ቢያነበው ይሻላል፤ የታሪኩን መጨረሻ አነሣለሁና።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከጽሑፉ ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ዘመኑ ውጡ፤ የደራሲውን ሕይወት በመጨረሻ፣ ያውም ከመጽሐፉ ውጭ ማስረጃ ሲኖር ብቻ አንሡ። እኛ ዘንድ ልማዱ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ጥሩ መጻሕፍትም በዚህ ምክንያት ሳይመረመሩ ተወድሰዋል።

የደራሲው ሕይወት

ይህን መንገድ በአውሮፓ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ሐያሲ ሴንት ብቭ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በየሳምንቱ ሰኞ በጋዜጣ በሚያወጣቸው ጽሑፎች የደራሲውን ትውልድ፣ ትምህርት፣ ወዳጆችና ጠባይ እየመረመረ ሥራውን ከሰውየው ለመረዳት ይሞክር ነበር። ማርሴል ፕሩስት ይህን አካሄድ ተቃውሞ የጻፈው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 ታተመ። የፕሩስት መከራከሪያ እስከ ዛሬ ኃይሉን አላጣም፤ መጽሐፉን የሚጽፈው ማንነት ከሰው ጋር ከሚጫወተው፣ ከሚበላውና ከሚጠጣው ማንነት የተለየ ነው ይላል።

በአማርኛ ሂስ ይህ መንገድ ሥር የሰደደ ነው። ስለ አንድ ልብ ወለድ የተጻፈ ጽሑፍ ስታነቡ የመጀመሪያው ግማሽ የደራሲው የሕይወት ታሪክ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁን ብንወስድ ሕይወታቸው በእርግጥ የሚነገርለት ነው። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ፤ ቅኔ ተማሩ፤ የጣሊያንን ወረራ ተዋጉ፤ ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። ይህ ሁሉ የቤተ ክህነቱን ትምህርትና የባላባቱን ቤት እንዴት ያን ያህል አብጠርጥረው እንዳወቁ ያስረዳል። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህ ለምን ከፍቅረኛው ከሰብለ ወንጌል ጋር ኑሮ ሳይመሠርት እንደሚሞት ግን አያስረዳም። ያን የወሰነው የልብ ወለዱ አሠራር ነው።

«ኦሮማይ» ላይ ፈተናው ይከብዳል። በዓሉ ግርማ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ነበር፤ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅትም አስመራ ነበር። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም በዚያው ዘመቻ የሚሳተፍ ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቁ እንዳላወቁ ሆኖ ማንበብ አይቻልም፤ ተገቢም አይመስለኝም። የሚያሳዝነው ግን መጽሐፉ ከዚያ በኋላ እንደ ምርመራ መዝገብ መነበቡ ነው። የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ባለሥልጣን ነው የሚለው ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ጸጋዬ በአዲስ አበባ እጮኛው ሮማንና በአስመራ ባገኛት ፊያሜታ መካከል የሚዋልልበት ታሪክ ከዘመቻው ታሪክ ጋር እንዴት እንደተጋመደ፣ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ለምን እንደሚላላ የመረመሩ ጽሑፎች ከግምቱ ብዛት አንጻር ጥቂት ናቸው። ሕይወቱን ከፍሎበታል የምንለውን ሰው ሙያውን ሳንመረምር መተው ትልቅ በደል ነው።

ይህን መንገድ ለመምረጥ አንድ መለኪያ ይበቃል፤ ስለ ደራሲው የምታውቁት ከየት መጣ? ደብዳቤ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የእጅ ጽሑፍ ረቂቅ፣ የዘመን ጓደኞች ምስክርነት ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ሬይዱልፍ ሞልቬር እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን ሕይወት ያሳተመው መጽሐፍ ጠቃሚ የሆነው ከራሳቸው ከደራስያኑ ጋር በተደረገ ጭውውት ላይ ስለቆመ ነው። የደራሲውን ሕይወት ከልብ ወለዱ ገምታችሁ፣ መልሳችሁ ልብ ወለዱን በዚያ ግምት የምትፈቱ ከሆነ ግን በክብ እየዞራችሁ ነውና ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ዘመኑና ማኅበረሰቡ

ኢፖሊት ቴን እ.ኤ.አ. በ1863 መታተም በጀመረው የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪኩ ሥራን የሚወልዱት ዘር፣ አካባቢና ጊዜ ናቸው አለ። ዘር የሚለው ዛሬ የሚደግፈው የለም፤ ሁለቱ ግን በተለያየ ስም ቀጥለዋል። ማርክሳውያን ሐያስያን አካባቢውን የመደብ ግንኙነት አድርገው አነበቡት። በእኛም አገር በደርግ ዘመን የሶሻሊስት እውነታዊነት መለኪያ ሆኖ ቀርቦ ብዙ ሂስ ገጸ ባሕርያትን በጨቋኝና በተጨቋኝ ከመመደብ ሳያልፍ ቀረ።

ታሪካዊ ሂስን የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት ሊወስን የሚገባው አንድ ነገር አለ። አንድ ልብ ወለድ ሁለት ዘመን አለው፤ የሚተርከው ዘመንና የተጻፈበት ዘመን። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚተርከው የጥንቱን ጎጃም ነው፤ የታተመው ግን ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡበት ከ1957 ዓ.ም. ቀጥሎ ባለው ዓመት ነው። የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ስለ ባላባት አገዛዝ ምስክር አድርጎ የሚያቀርብ ተማሪ የመጀመሪያውን ዘመን መርጧል። ሥርዓቱ ይለወጥ እያለ በመከራከሩ እንደ እብድ የተቆጠረውን ጉዱ ካሳን ለ1958 ዓ.ም. አንባቢ የተላከ ድምፅ አድርጎ የሚያነብ ደግሞ ሁለተኛውን ይዟል። ሁለቱም ይቻላሉ። ሳያውቁ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ግን ጽሑፉን ያፈርሰዋል፤ ያነበብኳቸው ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ልብ ወለድን እንደ ሰነድ መጥቀስ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት የተጋነነው ልንስቅበትም ልንፈራውም ስለተፈለገ ነው፤ የግብር መዝገብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ስቲቨን ግሪንብላትና ባልደረቦቹ ያስፋፉት አዲሱ ታሪካዊነት ለዚህ መድኃኒት አለው። ልብ ወለዱን ከዘመኑ ሌሎች ጽሑፎች ጎን ያስቀምጠዋል፤ አንዱን የሌላው መስታወት ሳያደርግ ሁለቱም ስለ ሥልጣንና ስለ ክብር እንዴት እንደሚናገሩ ያነጻጽራል። በአዲስ አበባ ይህን መሥራት ይቻላል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የዘመኑ ጋዜጦችም ይገኛሉ። የርስት ሙግት ወረቀትና የፊታውራሪውን ንግግር ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ አንድ ትጉህ ተማሪ እስካሁን ያላየነውን ነገር ሊያሳየን ይችላል። ጊዜና ትዕግሥት ላለው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው።

ጽሑፉ ራሱ

ሩሲያዊው ቪክቶር ሽክሎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1917 የኪነ ጥበብ ሥራ የለመድነውን ነገር እንግዳ አድርጎ ማሳየት ነው ብሎ ጻፈ። በካምብሪጅ አይ. ኤ. ሪቻርድስ የደራሲ ስምና ዘመን የሌላቸውን ግጥሞች ለተማሪዎቹ አድሎ አስተያየታቸውን ሰበሰበ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 ሲያሳትም የተማሩ የሚባሉ አንባቢዎች ያለ ስም ድጋፍ ምን ያህል እንደሚሳሳቱ ታየ። በአሜሪካ ዊምሳትና ቤርድስሊ እ.ኤ.አ. በ1946 የደራሲው ሐሳብ የሥራው መለኪያ ሊሆን አይችልም ሲሉ ተከራከሩ። «አዲሱ ሂስ» የሚባለው እንቅስቃሴ በእነዚህና በመሰሎቻቸው ጽሑፎች ለረጅም ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ክፍሎችን ገዛ። የሪቻርድስን ሙከራ የአማርኛ መምህራን በክፍላቸው እንዲደግሙት አጥብቄ እመክራለሁ። የታወቀ ባለቅኔን ግጥምና የጀማሪን ግጥም ስም ሰርዞ መስጠት ብዙ ያስተምራል።

ይህ መንገድ ምን ያተርፋል? ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመለስ። ታሪኩ በፍቅረኞቹ አይጀምርም። በማንኩሳ፣ በበዛብህ ወላጆች ይጀምራል፤ ልጁ ገና በሕፃንነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን እስኪሰጥ ድረስ ሰብለ ወንጌል የለችም። ችኩል አንባቢ ይህን እንደ መንደርደሪያ ቆጥሮ ያልፈዋል። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን እንቅፋቱ ከፍቅሩ ቀድሞ መቀመጡን ያስተውላል። የፊታውራሪው የዘር ትምክህት የሚታየው አጥር ነው፤ ስለቱ ግን ሁለቱ ሳይተያዩ በፊት የታሰረ ነው።

አሁን ደግሞ መጨረሻውን እዩ። ሰብለ ከአባቷ ቤት የምትጠፋው የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። በዛብህ ከሞተ በኋላ በእውነት ትመነኩሳለች። መደበቂያ የነበረው ልብስ የኑሮ ልብስ ይሆናል፤ በዛብህ ሊፈጽመው ያልቻለውን ስለት ከፍላ የምትጨርሰው እሷ ትሆናለች። ይህን ለማየት የደራሲው የሕይወት ታሪክም የመሬት ሥሪት ታሪክም አላስፈለገንም፤ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ማንበብ በቃን። ከጽሑፉ ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው።

ጽሑፉ ግን ብቻውን አይበቃም። ስለት በዚያ ማኅበረሰብ ምን ያህል እንደሚያስር፣ ጉልትና ርስት የሚባሉት የጥንት የመሬት ይዞታዎች ምን እንደሆኑ የማያውቅ አንባቢ ያሳየሁትን ገመድ ሊያየው አይችልም። የዛሬ የከተማ ወጣት እዚህ ላይ ከባዕድ አገር አንባቢ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ጽሑፍ ተኮር ሂስ መነሻ ቢሆንም መድረሻ አይደለም። በቅርጹ ለሚታወቅ ሥራ፣ ለምሳሌ በ1962 ዓ.ም. ለታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»፣ ግን ሌላ መግቢያ በር ያለ አይመስለኝም።

የታሪክን ክፍሎችና ግንኙነታቸውን የሚመረምረው መዋቅራዊነት የዚህ ዘመድ ነው። ቭላዲሚር ፕሮፕ እ.ኤ.አ. በ1928 የሩሲያን ተረቶች መርምሮ በ31 የድርጊት ዓይነቶች ከፋፈላቸው። ተረት ለሚሰበስብ ተማሪ ድንቅ መሣሪያ ነው። ለረጅም ልብ ወለድ ግን ብዙ ጊዜ ሠንጠረዥ ሞልቶ ከመመለስ በላይ አይሄድም።

አንባቢው

ሃንስ ሮበርት ያውስና ቮልፍጋንግ ኢዘር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ጥያቄውን ወደ አንባቢው አዞሩት። አንድ ሥራ ሲወጣ አንባቢው ምን ይጠብቅ ነበር? ዘመን ሲለወጥ ንባቡስ እንዴት ተለወጠ?

ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይህ ጥያቄ እጅግ ሀብታም ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው መጽሐፉን ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ትውልድ ጉዱ ካሳን የሚያስታውሰው በእሱ ድምፅ ነው። ማንበብ የማይችሉ ሰዎችም የዚህ ልብ ወለድ ታዳሚዎች ሆነዋል። «ኦሮማይ»ም እንዲሁ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ አንባቢ፣ አስመራ ያለ አንባቢና በስደት ዋሽንግተን የሚኖር አንባቢ አንድ መጽሐፍ ያነባሉ ማለት ያስቸግራል። ይህን የሚመርጥ ግን ሥራው ከወንበር አያልቅም። ሰው መጠየቅ፣ የዘመኑን የጋዜጣ አስተያየት መሰብሰብ አለበት። «አንባቢው እንዲህ ይሰማዋል» ብሎ የራሱን ስሜት መጻፍ አንባቢ ተኮር ሂስ አይባልም።

ጥያቄ ይዘው የሚመጡ መንገዶች

እንስታዊ (ሴቶች እንዴት እንደተሣሉ የሚጠይቅ)፣ ድኅረ ቅኝ ግዛት (የቅኝ ገዢንና የተገዢን ግንኙነት የሚመረምር) እና ፍካሬ ልቦናዊ (ከፍሮይድ የሥነ ልቦና ትምህርት የተነሣ) ሂስ ከላይ ካሉት የሚለዩት መልሱን የት እንደሚፈልጉ ሳይሆን ምን እንደሚጠይቁ አስቀድመው በመወሰናቸው ነው። ጥያቄው ለመጽሐፉ ሲስማማ ኃይላቸው ትልቅ ነው። በ«ኦሮማይ» ሮማን አዲስ አበባን፣ ፊያሜታ አስመራን ብቻ እንዲወክሉ የተፈጠሩ ናቸው ወይስ የራሳቸው ፈቃድ አላቸው? ይህ እውነተኛ እንስታዊ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ደራሲውን ሊያስወቅሰው ይችላል። የሰብለ ወንጌልም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከአባቷ ቤት መውጣቷ ራስን ነጻ ማውጣት ነው ወይስ ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሥርዓት መሸጋገር?

ድኅረ ቅኝ ግዛት ሂስን በአማርኛ ልብ ወለድ ላይ መጫን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺንዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1975 በማሳቹሴትስ ባደረገው ንግግር የጆሴፍ ኮንራድን የኮንጎ ልብ ወለድ በዘረኝነት ሲከስ ጥያቄው አውሮፓ አፍሪካን እንዴት ጻፈች የሚል ነበር። ለእኛ የሚስማማው መፈተኛም እንዲያ ያለ ነው፤ ለምሳሌ እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የጻፈው ታሪክ። ፍካሬ ልቦናዊውን በጥንቃቄ ያዙት። ገጸ ባሕርይን እንደ ታማሚ ማከም ይቀላል፤ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍሮይድ እንጂ የመጽሐፉ ሐሳብ አይደለም።

አንድምታ

የሂስ ታሪክ በዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ከአሪስጣጣሊስ ተነሥቶ ፓሪስ ላይ ያበቃል። በራሳችን ጉባኤ ቤት ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው የትርጓሜ ትምህርት በዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ እምብዛም አይታይም፤ ይህ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል። በብሉይ፣ በሐዲስ፣ በሊቃውንትና በመነኮሳት የተከፈለው፣ ጎንደር ላይ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባል ወገን ያበጀው ይህ ትምህርት የተሟላ የአነባበብ ዘዴ አለው። መምህሩ ቃሉን ይፈታል፤ ታሪክ ያመጣል፤ ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ ይጨምራል። የኋለኛው ፍቺ የፊተኛውን አይሽረውም። እ.ኤ.አ. በ1930 የሪቻርድስ ተማሪ ዊልያም ኤምፕሰን ስለ ሰባት ዓይነት አሻሚነት ሲጽፍ በእንግሊዝ እንደ አዲስ ነገር ታየ፤ ዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ግን እምብዛም የሚደነቅበት አይመስለኝም።

በሰብለ የምንኩስና ልብስ ላይ ብንሞክረው፦ መደበቂያ ነው፤ ከአባቷ ሎሌዎች ዓይን ታመልጥበታለችና። አንድም ትንቢት ነው፤ በኋላ የምትሆነውን አስቀድማ ለብሳለችና። አንድም የስለት ክፍያ ነው፤ በዛብህ የተወውን እሷ ተሸክማለችና። ምዕራባዊው ተማሪ ከሦስቱ አንዱን መርጦ ለመከራከር ይቸኩላል። አንድምታው ሦስቱንም ከነምክንያታቸው ያቆያል፤ በግሱ መጨረሻ በሚጨምረው ምክንያት ሰጪ «ና» (እንደ «ለብሳለችና») ለእያንዳንዱ ማስረጃ ያስጠይቃል።

ወሰኑም መታወቅ አለበት። ይህ ዘዴ የተሠራው ስሕተት የለበትም ተብሎ ለታመነ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ ተንዛዝቷል፣ አንድ ገጸ ባሕርይ አልተሳካም ለማለት መሣሪያ የለውም። መመዘን የሚፈልግ ሰው ፍርዱን ከሌላ ቦታ መዋስ ይኖርበታል። የልብ ወለዱን ምስጢር መፍታት ለሚፈልግ፣ በተለይም ቅኔ ቀመስ በሆኑ ደራስያን ላይ ለሚሠራ፣ ግን ከውጭ ከመጡት ብዙዎቹ የሚበልጥ ነው።

ለማን የቱ?

የጋዜጣ ወይም የሬዲዮ ሂስ የምትጽፉ ከሆነ ቦታችሁ አጭር ነው። አንድ ትዕይንት መርጣችሁ በቅርበት አንብቡ፤ የደራሲውን ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። ለንባብ ክበብ አንድምታን የሚያህል የለም፤ አባላቱ ተራ በተራ «አንድም» እያሉ ከነማስረጃው ይጨምሩ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ቅርብ ንባብን ከአንድ ጥያቄ ጋር አጣምሩ፤ ከእንስታዊው ጋር ይሁን ከታሪካዊው፣ ከሁለት በላይ መንገድ ግን አትያዙ። አምስት ንድፈ ሐሳብ የሚዘረዝር ምዕራፍ ሁለት ጽፋችሁ በምዕራፍ አራት አንዱንም ካልተጠቀማችሁበት ድካሙ ከንቱ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ወመዘክር መመላለስ የምትችሉ ከሆነ አዲሱን ታሪካዊነት ምረጡ፤ በቅድሚያ ግን ከሁለቱ ዘመናት የቱን እንደምታጠኑ በመግቢያው ላይ በግልጽ ጻፉ። በሕይወት ባለ ደራሲ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ቃለ መጠይቁን የራሳችሁ ንባብ በወረቀት ላይ ሰፍሮ እስኪያልቅ አቆዩት። ደራሲው ስለ መጽሐፉ የሚነግራችሁ ነገር ከንባባችሁ ቀድሞ ከመጣ የእሱን ቃል መድገም እንጂ መመርመር ይከብዳችኋል።